መልክእ፦ የጠፋች የሥዕል ስም

(ሐዋሳ ከተማ ውስጥ በአንድ የንባብ ምሽት ከተደረገ ንግግር ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እኅቶቼና ወንድሞቼ።

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቃል ብቻ ነው። ቃሉ መልክእ ነው። ርእሱን በስልክ ስነግራቸው አዘጋጆቹ «መልክ ማለትህ ነው?» አሉኝ። አይደለም፤ መጨረሻው ላይ እ አለች። ያቺ እ ስትወድቅ ብዙ ነገር ይዛ ወድቃለች ብዬ አምናለሁ። የመጣሁትም እሷን ፍለጋ ነው።

ወደዚህ ስመጣ መንገዴን በሐይቁ ዳር አድርጌ ነበር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትከሻቸውን ሰብስበው እንደ ሽማግሌ ቆመዋል። ሙሽሮች ፎቶ ይነሣሉ። ፎቶ አንሺው «አገጭ ቀና፣ ዓይን ወደ እኔ፣ እጅ ወደ ታች» እያለ ከራስ እስከ እግር ያስተካክላቸዋል። ቆሜ አየሁትና ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም ያ ሰው ሳያውቀው የሚያደርገው ነገር ስም አለው። ከራስ ጀምሮ አንድ በአንድ እየጠሩ እስከ እግር መውረድ። አባቶቻችን ያንን መልክእ ይሉታል።

ግዕዝ በዚህ ነገር ድሃ አይደለም። ሥዕል አለ፣ ምስል አለ፣ አምሳል አለ፣ አርአያ አለ። እነዚህ አራቱ ዛሬም በአማርኛ በሕይወት አሉ፤ አርአያ ብቻ ከሥዕል ሰሌዳ ወርዶ የምግባር ቃል ሆኗል። አምስተኛው መልክእ ግን ተሰውሯል። ዛሬ «መልክእ» ሲባል የቤተ ክርስቲያን ሰው ጸሎት ያስባል። ሌላው ሰው ምንም አያስብም። የሥዕል ስም መሆኑን ሁላችንም ረስተናል።

ቃሉን ከመፍታቴ በፊት ከየት እንዳገኘሁት ልንገራችሁ።

አባቴ የሞተው እኔ ሦስት ዓመቴ ሳለ ነው። ፎቶ አልነበረውም። በትክክል ለመናገር አንድ ፎቶ ነበር፤ የሠርግ ነው፣ ብዙ ሰው ተኮልኩሎ የተነሣው፣ አባቴም ከኋላ ቆሟል፤ ነገር ግን ከፊቱ የቆመው ሰው ባርኔጣ ከአፍንጫው በታች ያለውን ሁሉ ጋርዶታል። ስለዚህ የአባቴን ግንባርና ዓይን አውቃለሁ። አፉን አላውቅም። ልጅ ሆኜ አክስቴን «አባዬ ምን ይመስል ነበር?» ስላት መልስ የምትሰጠኝ በአንድ ቃል አልነበረም። ሥራዋን አስቀምጣ፣ እጇን በመቀነቷ ጠርጋ፣ ከጸጉሩ ትጀምራለች። «ጸጉሩ ለስላሳ ነው፤ ከፊት ትንሽ ሸሽቷል። ግንባሩ ሰፊ፤ እዚህ ጋ በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ ጠባሳ አለው። ቅንድቡ የተጋጠመ። ዓይኑ…» እያለች ትወርዳለች። ጥርሱን፣ አንገቱን፣ ትከሻውን፣ ክንዱን። መዳፉን ስትገልጽ የእኔን መዳፍ ይዛ ነው። እንዲህ እያለች የግራ እግሩ አውራ ጣት ላይ ትደርሳለች፤ በሬ ረግጦት ጥፍሩ ተሰንጥቆ ነበር። እዚያ ታቆማለች። ሁልጊዜ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ሁልጊዜ እዚያው ላይ። አንድ ቀን ከደረቱ ወደ ጉልበቱ ብትዘል «እጁስ?» ብዬ አስቆምኳት።

በኋላ የቄስ ትምህርት ቤት ገባሁ። ከመምህራችን እግር ሥር ቁጭ ብለን የእመቤታችንን መልክእ በቃል ስናጠና «ሰላም ለዝክረ ስምኪ» ብሎ ከስሟ መታሰቢያ ይጀምራል፤ ከዚያ ሥዕርተ ርእስኪ፣ የራስ ጸጉርሽ፤ ርእስኪ፣ ራስሽ፤ ገጽኪ፣ ፊትሽ፤ ቀራንብትኪ፣ ሽፋሽፍትሽ፤ አዕይንትኪ፣ ዓይኖችሽ፤ አእዛንኪ፣ ጆሮዎችሽ። እኔ እዚያ የተቀመጥኩት የስምንት ዓመት ልጅ ይህን አውቀው ነበር። አክስቴ ቤት የሰማሁት ነው። አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ቅዳሜና እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አትጠፋም ነበር፤ ጆሮዋ ይዞት ኖሯል።

አሁን ወደ ቃሉ።

የመልክእ ሥር ለክአ የሚል የግዕዝ ግሥ ነው። ትርጉሙ ጻፈ ማለት ነው። ግዕዝ ለመጻፍ ጸሐፈ አለው፣ ከተበ አለው፣ ለክአም አለው። ከጸሐፈ መጽሐፍ እንደወጣ፣ ከነበረ መንበር እንደወጣ፣ ከቀደሰ መቅደስ እንደወጣ፣ ከለክአ መልክእ ወጣ። መነሻዋ መ የስም መሥሪያ ናት። ስለዚህ መልክእ ማለት የተጻፈ፣ በቀለም የሰፈረ ነገር ማለት ነው። ከዚያ የሰው ቅርጽ፣ ገጽታ፣ ሥዕል ሆነ። አባቶቻችን ፊትን የተጻፈ ነገር አድርገው አይተውታል። ፊት ይነበባል።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ፎቶግራፍ የሚለውን ቃል ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1839 እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ሄርሸል ለዚያ አዲስ ጥበብ ይህን ስም ሲጠቀም ከሁለት የጽርእ፣ የግሪክ ቃላት ነው፤ ፎስ ብርሃን፣ ግራፌይን መጻፍ፣ መሣል። ጽርእም እንደ ግዕዙ መጻፍንና መሣልን በአንድ ግሥ ይዟል። በብርሃን የተጻፈ ማለት ነው። አንድ አዋቂ ለፎቶግራፍ የአማርኛ ስም አውጣ ቢለኝ ብዙም አላስብም፤ መልክአ ብርሃን እለዋለሁ። አሁን ግን ፎቶ አማርኛ ሆኗል፤ ይኑር።

እዚህ ላይ ለወጣቶቹ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የሚስተው ስለሆነ። መልክእና መልእክት ዘመድ አይደሉም። መልእክት የመጣው ከለአከ ነው፤ ከላከ። መልአክም ከዚያው ነው፤ የተላከ። በለክአ መካከል ያለችው ክ ናት፤ በለአከ መካከል ያለችው አ ናት። ሦስቱ ፊደላት አንድ ናቸው፤ ቦታ ሲቀያየሩ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ይልካል። በአፍ «መልክት» ስንል ለጆሮ ይደባለቃሉ።

ሥዕል የሚለውም ቃል እንዲሁ ወጥመድ አለበት። ሥዕል ከሠዐለ ነው፤ በንጉሡ ሠ፣ በዐይኑ ዐ። ስእለት ደግሞ ከሰአለ፣ ከለመነ ነው፤ በእሳቱ ሰ፣ በአልፋው አ። «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ስንል «ቅድስት ሆይ፣ ለምኝልን» ማለታችን ነው። በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ የጻፈው ሰው «ሣይልን» ብሏል። መምህራችን ይህን ስህተት ሲያገኙ ብራናውን ዘግተው ዝም ይሉ ነበር። ዝምታቸው ከአለንጋ ይብሳል። ዛሬ ፊደላቱን አንድ እናድርጋቸው የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ምክንያታቸው ይገባኛል፤ ልጅ ማስተማር ይቀላል። እኔ ግን ከዚያ ወገን አይደለሁም። አንዲት ፊደል ቀይረህ ልመናውን ሥዕል የምታደርግበት ቋንቋ ፊደሉን ሊጠብቅ ይገባዋል።

ሌላም አለ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የተሣለችበትን ሥዕል ምስለ ፍቁር ወልዳ እንለዋለን። ብዙ ሰው «የተወደደ ልጇ ምስል» ማለት ይመስለዋል። አይደለም። እዚህ ላይ ምስለ ማለት «ከ… ጋር» ነው፤ ከተወደደ ልጇ ጋር። ለሥዕል በተሰጠ ስም ውስጥ ምስል የሚመስል ቃል ተቀምጦ ሥዕል ማለት አለመሆኑ ያስገርመኛል። ግን እዩት፤ መምሰልና አብሮ መሆን በግዕዝ አንድ ዓይነት ድምፅ አላቸው።

እንግዲህ መልክእ የሚባለው ድርሰት ምን እንደሆነ ላላያችሁት ልንገራችሁ። የጌታ፣ የእመቤታችን፣ የመላእክት፣ የቅዱሳን ነው። መልክአ ኢየሱስ፣ መልክአ ማርያም፣ መልክአ ሚካኤል፣ መልክአ ጊዮርጊስ፣ መልክአ ተክለ ሃይማኖት። «መልክአ» የሆነው ሲናበብ ነው፤ ቤት ቤተ ክርስቲያን እንደሚሆነው ያለ ነው። አንዱ አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ስንኝ አለው፤ አምስቱም በአንድ ቤት ይመታሉ። መነሻው «ሰላም ለ…» ነው። እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ የሰውነት ክፍል ይይዛል። 40 እና 50 አንቀጽ የሚደርሱ አሉ። ከናፍርን፣ አስናንን፣ ልሳንን ለየብቻ ይጠራል። እስትንፋስን ይጠራል። እስትንፋስ ማን ይሥላል? መልክእ ይሥላል። ቃልን ይጠራል፤ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ። ከዚያ ክሳድ፣ አንገት፤ መታክፍት፣ ትከሻዎች፤ መዛርዕ፣ ክንዶች፤ ኩርናዕ፣ ክርን፤ እራኅ፣ መዳፍ፤ አጻብዕ፣ ጣቶች፤ አጽፋረ እድ፣ የእጅ ጥፍሮች። የእጅ ጥፍር አይረሳም። ወደ ውስጥም ይገባል፤ ልብን፣ ሕሊናን፣ ንዋየ ውስጥን (የሆድ ዕቃን) ሰላም ይላል። ሠዓሊ ብሩሹ የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል። እንዲህ እያለ እስከ አብራክ (ጉልበቶች)፣ እስከ ሰኳን (ተረከዞች)፣ እስከ እግር ጥፍር ይወርዳል። ከዚያ ቁመትን ባንድነት ይጠራል። በመጨረሻም ወደ ፀአተ ነፍስ (ወደ ነፍስ መውጣት)፣ ወደ በድነ ሥጋ፣ ወደ ግንዘት፣ ወደ መቃብር ይሄዳል።

አክስቴ እዚያ አትደርስም ነበር። አውራ ጣቱ ላይ ታቆማለች ብያችኋለሁ። ትልቅ ሰው ሆኜ ነው ለምን እንደምታቆም የገባኝ።

ይህ ድርሰት በጎለመሰበት ዘመን ሥዕልም በአገራችን ከፍ ብሎ ነበር። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ለእመቤታችን ሥዕል የሚሰጠውን ክብር በሥርዓት ያጸኑ ንጉሥ ናቸው። በእርሳቸው ዘመን ፍሬ ጽዮን የሚባል መነኩሴ ሠዓሊ ነበረ። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው ሥዕሉ ላይ ስሙ ሰፍሯል። ይህ ብርቅ ነው፤ የእኛ ሠዓሊዎች ስማቸውን አይጽፉም ነበርና። እኔ ፍሬ ጽዮንን ሳስብ የሚታየኝ ጠዋት መልክአ ማርያምን ሲደግም ቆይቶ ከዚያ ብሩሹን ሲያነሣ ነው። ለዓይኗ ሰላም ያለ አፍ፣ ዓይኗን በሚሥል እጅ ላይ ያዝዛል። መልክአ ሥዕል የሚባልም ድርሰት አለ፤ ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ቆመው ታገኟቸዋላችሁ።

የሥዕላችንን ሕግ ታውቁታላችሁ። ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው ይሣላሉ። ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን። የመጨረሻው ራት ላይ ይሁዳን የምትለዩት በዚህ ነው። በልጅነቴ ሠዓሊው ቦታ ጠቦት ይመስለኝ ነበር። በመልክእ ዓይን ስታዩት ግን ሌላ ነገር ይነግራችኋል። ለአንድ ዓይኑ ብቻ «ሰላም» የሚባልለት የለም፤ «ለአዕይንቲከ» ነው የሚባለው፣ በብዙ ቁጥር። መልክእ የሚጠይቀው ሙሉ ሰው ነው። ግማሽ ፊት ለሰላምታ አይመችም።

አሁን እ የወደቀችበት ቦታ ደረስን።

አማርኛ የግዕዝን የጉሮሮ ድምፆች አራግፏል። ሰምዐ ሰማ ሆነ። በልዐ በላ ሆነ። ፀብእ ጠብ ሆነ። መልክእም መልክ ሆነ። በጆሮ ስትሰሙት ትንሽ ነገር ነው የጠፋው። በትርጉም ግን ከእጅ ሥራ ወደ ዕጣ ወረደ። መልክእ ሰው የሚሠራው ነበር፤ ይጻፋል፣ ይደረሳል፣ ይዜማል። መልክ ግን ሰው ይዞት የሚወለደው ሆነ። «መልክ ስጠኝ እንጂ ሙያ ከጎረቤቴ እማራለሁ» አለች ተብሎ የሚተረተው በዚህ በኋለኛው ትርጉም ነው። ከዚያም ጠበበና የቆዳ ቀለም ሆነ። የጠፋ ሰው ሲፈለግ «መልኩ ጠይም፣ ቁመቱ ረጅም» እንላለን። መልኳ የቀይ ዳማ፣ ብስል ቀይ። ያ ሁሉ ክንድ፣ ያ ሁሉ ጣት፣ ያ ሁሉ እስትንፋስ አንድ ቀለም ሆኖ ቀረ።

እንዲያም ሆኖ ቃሉ አልሞተም፤ ሌላ በር ከፍቶ ወጣ። «ነገሩ መልክ ያዘ» እንላለን። «መልክ አስይዘው» እንላለን። «ንግግሩ መልኩን ለወጠ» እንላለን። ስብሰባ ላይ ደግሞ «በምን መልኩ?»፣ «በዚህ መልኩ» ሳይባል የሚያልፍ ደቂቃ የለም። ቅርጽ የሌለው ነገር ቅርጽ እንዲያገኝ ስንፈልግ የምንጠራው አሁንም ያንኑ የሠዓሊ ቃል ነው።

ከሁሉ ግን የሚደንቀኝ ይህ ነው። ሀብት ያለው ሀብታም ይባላል። ጉልበት ያለው ጉልበታም። ቀንድ ያለው ቀንዳም። ሆዱን የሚወድ ሆዳም። መልክ ያለውስ?

(ከአዳራሹ «መልከኛ»፣ «መልከ መልካም» የሚሉ ድምፆች ተሰሙ፤ ከኋላ አንዲት ልጅ «መልካም!» አለች።)

እግዚአብሔር ይስጥሽ። መልካም። መልካም ማለት ከሥሩ መልክ ያለው ማለት ነው። «መልካም አዲስ ዓመት»፣ «መልካም ጉዞ»፣ «መልካም ምሽት» ስንባባል የምንመራረቀው በሥዕል ቃል ነው። ቅርጽ ያለው ዓመት ይሁንልህ፣ መልኩ የሰመረ ጉዞ ይሁንልሽ። መልካም ሰው ስንል ዛሬ ቁንጅናውን አናስብም፤ ጠባዩን ነው የምናስበው። ቃሉ ከቆዳ ወደ ውስጥ ገባ። መልክእ የሚባለው ድርሰት ከፊት ጀምሮ ወደ ልብና ወደ ሕሊና እንደሚገባ ሁሉ፣ ቃሉ ራሱ በአማርኛ አፍ ላይ ያንኑ መንገድ ሄደ። ማንም ሊቅ ተሰብስቦ አልወሰነውም። እናቶች ናቸው ያደረጉት፤ ልጆቻቸውን ሲመርቁ።

የኦሪት ዘፍጥረትን መጀመሪያ በአማርኛ ስታነቡ «እግዚአብሔርም ብርሃኑ መልካም እንደ ሆነ አየ» ይላል። ግዕዙ ሠናይ ነው የሚለው፤ ያማረ፣ የበጀ። አማርኛው መልካም ሲል «አየ» ከሚለው ግሥ ጋር በቤቱ ገጠመ፤ የሚታይ ነገርና ደግነት በአንድ ቃል። ወረድ ብሎ ግዕዙ «በአርአያነ ወበአምሳሊነ» ያለውን አማርኛው «ሰውን በመልካችን እንደ ምሳሌአችን እንፍጠር» ይለዋል። ተርጓሚዎቹ አርአያን በመልክ ሲተኩ የቃሉ ጥንታዊ ክብር ተመለሰለት። ይህን አንቀጽ ተማሪዎቼን ሳስነብብ «እዚህ ላይ መልክ የቆዳ ቀለም ማለት ከሆነ ምን ይሆናል?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ክፍሉ ጸጥ ይላል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ሙሉው ቃል ከነአ ተርፏል፤ በጂኦግራፊ። መልክአ ምድር። የምድር ሥዕል፣ የምድር ፊት። ብዙ መጻሕፍት መልክዓ ብለው በዐይኑ ዓ፣ ያውም በራብዑ ይጽፉታል። የለክአ ልጅ ነውና እኔ በአልፋው አ እጽፈዋለሁ፤ ሲናበብም ግዕዝ ነው የሚሆነው፣ ራብዕ አይደለም። ይህን ቃል ለጂኦግራፊ የመረጠው ሰው ጆሮው የተባረከ ነው። ተራራና ወንዝ መቁጠር ብቻ አልታየውም፤ ፊት ታይቶታል።

ባለፈው ዓመት ይህን ለተማሪዎቼ አስረድቼ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። የሐዋሳን መልክእ ጻፉ አልኳቸው፤ በአማርኛ፣ በፈለጋችሁት ስንኝ፣ ከራስ እስከ እግር። በክፍሌ ሲዳምኛ አፍ የፈቱ ልጆች ብዙ ናቸው፤ በራሳቸው ቋንቋ ጽፈው ለእኔ በአማርኛ እንዲያስረዱኝ ፈቀድኩ። ያን ቀን ያመጡትን እዚህ ሁሉ ማንበብ ብችል ደስ ባለኝ። አብዛኞቹ ከታቦር ተራራ ጀመሩ፤ ራስ ነው። አንዱ ከአስፋልቱ ጀመረና ራስ የሌለው ከተማ ሠራ፤ ራሱ ሲያነብ ሳቀ። አንዲት ልጅ ጥቁር ውኃን ጉሮሮ አደረገችው። እውነት ነው፤ ከጨለለቃ ረግረግ ተነሥቶ ሐይቁን የሚያጠጣው እርሱ ነው። ሐይቁን ደግሞ ሆድ አለችው። ጥንት እሳተ ገሞራ በሰመጠበት ጎድጓዳ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ ሐይቅ ነው፤ የሚገባበት ወንዝ እንጂ በምድር ላይ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ልጅቷ ይህን በጂኦግራፊ ተምራው ኖሯል። ስንኟ እንዲህ አለ፤ ከነገሯት ሁሉ አንዱን የማታወጣ፣ ሰላም ለሆድሽ፣ ሆደ ሰፊዋ ሐዋሳ።

ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። እንዲህ ያለ ስንኝ ብዙ አላገኘሁም። መልክአ ምድር የሚለውን ቃል ሁላችንም ፈተና ላይ ጽፈነዋል፤ ያቺ ልጅ ግን ምድርን በእውነት በመልክእ ዓይን አየች፤ አየችና ሰላም አለቻት።

ይህ «ሰላም» ነው እንግዲህ የእኔ ዋና ነገር። በቅርቡ የፋይዳ መታወቂያ ለማውጣት ሄጄ ነበር። የምትመዘግበው ልጅ ትሑት ናት። አሥር ጣቶቼን አንድ በአንድ አስነካችኝ። ሁለቱን ዓይኖቼን መሣሪያው አየ። ፊቴን አነሣች። እኔ እዚያ ተቀምጬ መልክእን አሰብኩ፤ አዕይንት፣ አጻብዕ፣ ገጽ። ቅደም ተከተሉ ብቻ ተገልብጧል። ሰውን ከሰው ለመለየት ዓይኑንና ጣቱን ማወቅ እንዳለብን አባቶቻችን ከመሣሪያው በፊት ያውቁ ነበር። መለየቱ ያስፈልጋል፤ እኔም መታወቂያውን ወድጄ ነው ያወጣሁት። ሆኖም መልክእ ከመቁጠሩ በፊት ሰላም ይላል። ዓይንህን ከማየቴ በፊት ለዓይንህ ሰላም እላለሁ። አምስት ስንኝ እዚያ እቆያለሁ። ከዚያ ነው ወደ ጆሮህ የማልፈው።

ስልካችን ላይ ስንት ሺህ ፎቶ አለን? የእናቶቻችን፣ የልጆቻችን። እኔም አለኝ። ከእነዚያ ውስጥ የእናታችንን መዳፍ በቃል የምንናገር ስንቶቻችን ነን? ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ሞክሩት። ስልኩን ሳታዩ፣ ከጸጉር ጀምራችሁ። እኔ በባለቤቴ ስሞክረው ጆሮዋ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ኖረን ጆሮዋን አላውቀውም ነበር። ሄጄ አየሁት።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ እዚህ ነኝ።

---

ከጥያቄዎቹ መካከል ሁለቱን ብቻ ልጨምር። አንድ ወጣት መልክእ ለቅዱሳን ብቻ ሆኖ ሳለ ለከተማ ማድረግ ድፍረት አይሆንም ወይ አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጸሎቱ ጸሎት ነው፤ ቦታውን አልነካም፤ እኔ የተናገርኩት ስለ ቃሉ ነው፤ ቃሉ ደግሞ ከጸሎቱ በፊት የሥዕል ስም ነበር። አንዲት እናት ደግሞ ለቅሶ ቤት አልቃሽ የሟቹን ቁመናና አረማመድ እየጠራች የምታለቅሰው ከዚህ የመጣ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚህ መጣ አልልም፤ ግን የሁለቱ ጆሮ አንድ ነው። የናፈቀ ሰው ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይሄዳል።

ሁሉም ከወጣ በኋላ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ጠበቁኝ። በፊልሙ ዘመን ሐይቁ ዳር ፎቶ እያነሡ ልጆች ያሳደጉ ናቸው። ያኔ ፎቶ ወዲያው አይገኝም፤ ፊልሙ 36 እስኪሞላ ይጠበቃል፣ ፎቶ ቤት ወስዶ ማሳጠብ አለ፣ ባለቤቱ ከሳምንት በኋላ ነው የሚመጣው። ስም ቢጽፉ የሚመሳሰል ስም ብዙ ነው። ስለዚህ ደብተር ነበራቸው፤ የደንበኛውን መልክ ይጽፉበታል። ደብተሩ ዛሬም አለ። በማግስቱ ቤታቸው ሄጄ አየሁት፤ ጥግ ጥጉ በእጅ ወዝ ጠቁሯል። እንዲያነቡልኝ ለመንኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከመሐል ገለጡና በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ጠይም። ሹሩባ። ቅንድቧ የተጋጠመ። ጥርሷ ፍንጭት። ቀኝ እጇ ላይ የእሳት ጠባሳ። ስትስቅ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከእናቷ ጋር። ሁለት ኮፒ።»